የካሳ ግምትም እንደ ፕሮፎርማ የሚያበቃበት ቀን ይኑረው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ መንገድ ፕሮጀክቶች መጓተት በምታወጧቸው ዘገባዎች ውስጥ አንድ ሐረግ ሳይለወጥ ይመላለሳል፤ «የወሰን ማስከበር ችግር» የሚለው ነው፤ መንገዱ የሚያልፍበትን ቦታ ከባለይዞታዎች ማስለቀቅ አልተቻለም ለማለት ነው። ሥራ ተቋራጩ ማሽኑን አስገብቶ ቆመ፣ የውሉ ጊዜ ተራዘመ፣ የፕሮጀክቱ ዋጋ ጨመረ፤ ምክንያቱ ሲጠየቅ ወሰን ማስከበር ነው ይባላል። ይህን የሚያነብ ሰው በዓይነ ኅሊናው የሚያየው አጥሩን ይዞ አልነቃነቅም ያለ፣ ከሕዝብ መንገድ የራሱን ጓሮ ያስበለጠ ባለይዞታ ነው። እኔ በአዳማ ከተማ የሕንፃ መሣሪያ እየሸጥሁ ከሃያ ዓመት በላይ የኖርሁ፣ ከግቢዬም ለመንገድ ተቆርጦ የተወሰደብኝ ሰው ስለሆንሁ ከዚያ ሐረግ ጀርባ ስላለው ነገር ጥቂት እንድጽፍ ይፈቀድልኝ።

አስቀድሜ ከአንድ ጥርጣሬ ልውጣ። መንግሥት ለመንገድ ሲል የግለሰብን ይዞታ መውሰድ የለበትም ከሚሉት ወገን አይደለሁም። አዳማ ሐዲድና የመኪና መንገድ ያበቀሏት ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ እዚህ ደርሶ ወደ አሰላና ወደ አዋሽ ባይለያይ ኖሮ እኔም ሚስማር የምሸጥለት ሰው ባላገኘሁ ነበር። ከአሥር ዓመት በላይ ያገለገለው፣ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ከመከፈቱ በፊት ዕቃ ላመጣ ወደ መርካቶ ስሄድ ዱከምና ሞጆ ላይ ከጭነት መኪና ሰልፍ ጀርባ ግማሽ ቀኔን እጨርስ ነበር። ዛሬ ማልጄ ወጥቼ ለምሳ እመለሳለሁ። ይህን ጊዜ ያተረፍሁት ግን በቢሾፍቱና በሞጆ ዙሪያ ጤፍ ይዘራባቸው በነበሩ ማሳዎች ላይ እየነዳሁ መሆኑን አልዘነጋም። መንገዱ ሲሠራ ይሠራበት በነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት ማሳውን ለዘለቄታው የለቀቀ ገበሬ የሚያገኘው የመፈናቀያ ካሳ ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በአሥር ተባዝቶ ነበር። በእጁ የገባው የአሥር ዓመት ምርት ዋጋ ነው፤ መሬቱ ግን ለልጅ ልጁ የሚተርፍ ነበር። አዋጁን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ስሌቱን ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በአሥራ አምስት እንዲባዛ ማድረጉ መልካም ነው፤ ቀድሞ የተነሡትን ግን አልደረሰላቸውም።

ካሳ የሚለው ሐሳብ ራሱ በአገራችን ሕግ አዲስ አይደለም። የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት የግል ንብረት ያለ ተገቢ ካሳ እንዳይወሰድ ይደነግግ ነበር፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ከቁጥር 1460 ጀምሮ ሥርዓቱን ዘርዝሮታል። በ1967 ዓ.ም. በወጡት አዋጆች የገጠሩም የከተማውም መሬት የመንግሥት ከሆነ ወዲህ ካሳ የሚከፈለው በመሬቱ ላይ ለተሠራውና ለበቀለው እንጂ ለመሬቱ አልሆነም። በሥራ ላይ ያለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ይህንኑ አጽንቶ፣ ሰው በጉልበቱም ሆነ በገንዘቡ መሬት ላይ ያቆመው ቤት የራሱ መሆኑን፣ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲፈልገው ደግሞ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ከፍሎ ሊወስደው እንደሚችል ይናገራል። «ተመጣጣኝ» የሚለው ቃል ሊያከራክር ይችላል፤ «በቅድሚያ» የሚለው ግን የሚያከራክር ነገር ያለው አይመስለኝም ነበር። እንደሚያከራክር የገባኝ በራሴ ግቢ ሲደርስ ነው።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. አንድ ጠዋት ሁለት ወጣቶች ጣሳና ብሩሽ ይዘው መጥተው በአጥሬ ግድግዳ ላይ ቁጥርና ቀስት በቀይ ጻፉ። ቀለሙን በሽታው ለየሁት፤ እኔ ሱቅ የሚሸጠው፣ ለብረት በር የሚቀባው አንቲረስት ነው፤ ዝናብ አያስለቅቀውም። ችካሉ የተተከለው ወደ ግቢው ውስጥ ዘልቆ ከማድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ነበር። መንገዱ እንደሚሰፋ፣ ወደ መንገዱ የሚያዩት ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች፣ የማድ ቤቱ ግማሽና የውኃ ሮቶው መቀመጫ እንደሚነሡ፣ ከዛሬ ጀምሮ የሚጨመር ግንባታም በካሳው እንደማይቆጠር ተነገረን። ወጣቶቹ ትሑታን ነበሩ፤ ባለቤቴ ያቀረበችላቸውን ቡናም ጠጥተው ሄዱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ የእኔ ነው ለማለት የሚያስችለኝ የግብር ደረሰኝ ብቻ ነበር። ከሦስቱ ክፍሎች በአንደኛው ይሠራ የነበረው ልብስ ሰፊ፣ ደንበኞቹ ቀዩን ምልክት እያዩ «ልብሴ ሳይፈርስበት ልውሰደው» እያሉ ስላስቸገሩት በሁለት ወሩ ለቀቀ። በሁለተኛው የነበሩት ባልና ሚስት ተከተሉት፤ ሦስተኛውን በግማሽ ኪራይ እንኳ የሚወስደው አልተገኘም። ለንግዴ ብድር ፈልጌ የቤቱን ካርታ መያዣ ይሆነኝ ዘንድ ይዤ ስሄድ፣ ምልክት ያለበት ቤት በመያዣነት እንደማይያዝ ተነገረኝ። የክፍሎቹ ጣሪያ ማፍሰስ ሲጀምር ልጠግነው አልደፈርሁም፤ ነገ ለሚፈርስ ጣሪያ ማን ቆርቆሮ ያወጣል? እንዲህ ሆኖ የቆርቆሮ ነጋዴው ቤት ሦስት ክረምት ሸራ ለብሶ አለፈ። ሠፈርተኛው ያልሳቀብኝ ቀን የለም፤ እኔም አብሬ ስቄያለሁ።

ገማች ኮሚቴው የመጣው በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ነው። ሥራቸውን በጥንቃቄ እንደሠሩ እመሰክራለሁ። ሜትር ዘርግተው ክፍል በክፍል ለኩ፤ ብሎኬቱንና ጭቃውን ለዩ፤ የሮቶው መቀመጫ ንብረት ነው አይደለም በሚል ተከራክረው ንብረት ነው ብለው መዘገቡት። ሁለት ፓፓያ፣ አንድ ማንጎና አንድ ጌሾ ተቆጠሩ። ማንጎው ያፈራል ወይስ አያፈራም የሚል ጥያቄ ሲነሣ ባለቤቴ አንድ ፍሬ ቆርጣ አቀረበችላቸው፤ ተካፍለው በሉና «የሚያፈራ» ብለው ጻፉ። ግምቱን አንብቤ ስፈርምም ቅር አላለኝም። በዚያን ዕለት ዋጋው ትክክል ነበር ማለት ይቻላል፤ ትክክል የመሆኑ ምክንያት ደግሞ የዚህ ደብዳቤ ዋና ጉዳይ ነው።

ለግምቱ መሠረት የሚሆነው የሲሚንቶ፣ የፌሮ፣ የቆርቆሮ፣ የጣውላና የጉልበት ነጠላ ዋጋ ሲጠና ከከተማው ሱቆች ፕሮፎርማ፣ ማለትም የዋጋ ማቅረቢያ ወረቀት፣ ይሰበሰባል። ከሰጡት ሱቆች አንዱ የእኔ ነበር። ዋጋውን የጻፍሁት በራሴ እጅ ነው፤ ማኅተሜም አርፎበታል። ከፕሮፎርማዬ ግርጌ ደግሞ እንደ ማንኛውም ነጋዴ «ይህ ዋጋ የሚጸናው ለ15 ቀን ብቻ ነው» የሚል መስመር አለ። ይህን የምንጽፈው ለማታለል አይደለም፤ ዕቃውን የምናመጣበት ዋጋ በሳምንት ውስጥ ሊለወጥ ስለሚችል ገዢው እንዳይሳሳት፣ እኛም እንዳንከስር ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የግዢ ሠራተኛ የሆነ ሁሉ ይህን መስመር ያውቀዋል፤ ቀኑ ያለፈ ፕሮፎርማ ይዞ መጥቶ በድሮው ዋጋ ሽጥልኝ ያለኝ መሥሪያ ቤት እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ይኸው የ15 ቀን ወረቀት ወደ ካሳ ግምት ሲገባ ግን ግርጌው ተቆርጦ ዕድሜ ልክ የሚኖር ዋጋ ሆነ።

ክፍያው በሒሳቤ የገባው በጥር 2017 ዓ.ም. ነው። ከግምቱ አንድ ዓመት ከዘጠኝ ወር፣ ከቀዩ ቀለም ሦስት ዓመት ከሦስት ወር በኋላ ማለት ነው። በመካከሉ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ የብር ዋጋ ወረደ። ፌሮው፣ የቆርቆሮው ጥቅል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው፣ የቧንቧ ዕቃው በቀጥታም ባይሆን በጥሬ ዕቃው ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ፣ በሱቄ መደርደሪያ ላይ የለጠፍኋቸውን ዋጋዎች በዚያ ክረምት ስንት ጊዜ እንደቀየርሁ እኔው ነኝ የማውቀው። ግምቱ ሲሠራ ሦስቱን ክፍል መልሶ ሊያቆም ይችል የነበረው ብር፣ በእጄ ሲገባ አንዱን ክፍል ከነጣሪያው አቁሞ ለሁለተኛው ግድግዳ ግማሽ ላይ የሚያልቅ ሆነ። አስቂኙ ነገር ያ ዋጋ የእኔው ዋጋ መሆኑ ነው፤ እኔ ራሴ ለራሴ በዚያ ዋጋ ልሸጥ አልችልም ነበር። ሕጉ ካሳው ንብረቱን እንደገና ለመተካት የሚያስፈልገውን ወጪ መሸፈን አለበት ይላል። ግምቱ በተሠራ ዕለት ይህ ተፈጽሟል፤ ገንዘቡ በተከፈለ ዕለት ግን አልተፈጸመም። በወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር አልተለወጠምና ማንም ሐሰተኛ አይደለም።

አቤቱታ ለምን አላቀረብህም የሚለኝ ይኖራል። አዋጁ ቅር ያለው ባለይዞታ በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል እንዲያመለክት፣ ከዚያም ወደ ይግባኝ ሰሚና ወደ ፍርድ ቤት እንዲዘልቅ መንገድ ከፍቷል። የእኔ 30 ቀን ግን የተቆጠረው ገና ምንም ቅሬታ ሳይኖረኝ ነው። ቅሬታው የመጣው ከዓመት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ወደ ሚመለከተው መሥሪያ ቤት ብሄድ «ፈርመሃል እኮ» ተባልሁ። እውነት ነው፤ ፈርሜያለሁ። በሚያዝያ ዋጋ በሚያዝያ እንደሚከፈለኝ አስቤ ነበር የፈረምሁት። ከመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች አንዱ፣ ሰውየው ቅን ነበርና፣ «አባቴ፣ በጀቱ ሲመጣ ነው የሚከፈለው፤ ግምቱ ደግሞ ከበጀቱ በፊት ካልተሠራ በጀቱ አይጠየቅም» ሲል አስረዳኝ። አነጋገሩ ያልተቆለፈበት አንድም ቦታ የለም። የባለይዞታው ጥያቄ ግን ከዚህ ክብ ውጭ የቀረ ነው፤ በጀቱ እስኪመጣ የጠፋው የብር አቅም በማን ሒሳብ ላይ ይጻፋል?

ሌላውንም ወገን መናገር ተገቢ ነው። ችካል ሊተከል ነው የሚል ወሬ በተሰማበት ሠፈር በአንድ ሳምንት ውስጥ የሚበቅሉ ቤቶች አሉ። መሠረት የሌላቸው፣ በአጣና ቆመው በቆርቆሮ የተጠቀለሉ፣ ሰው ያላደረባቸው ቤቶች ናቸው፤ ለካሳ ሲባል እንደ ጎመን ተጠጋግተው የሚተከሉ ችግኞችም አሉ። ቆርቆሮውን የሸጥሁት እኔና መሰሎቼ ስለሆንን ይህን አላውቅም ብል ውሸታም እሆናለሁ። ባለሥልጣናቱ የካሳው ወጪ ከመንገዱ ግንባታ ጋር እየተፎካከረ ነው ብለው ሲያማርሩ ከዚህም የተነሣ ነው፤ ከቀለም በኋላ የሚጨመር ግንባታ አይቆጠርም መባሉም ያለ ምክንያት አልመጣም። ነገር ግን ይህን ማጭበርበር የሚያሰፋው ራሱ የጊዜው ርዝመት ነው። ምልክቱ፣ ልኬቱና ክፍያው በተቀራረቡ ወራት ውስጥ ቢፈጸሙ አጣና ለማቆም የሚበቃ ፋታ አይኖርም። ዓመታት ሲሰጡት ግን ሰው ብልሃት ይማራል፤ ብልሃት ያልተማረው ደግሞ እንደ እኔ ሸራ አልብሶ ይጠብቃል።

በ2016 ዓ.ም. የካሳውን አዋጅ ያሻሻለው ሕግ የፌዴራል መንግሥት በክልሎች ለሚያሠራቸው ፕሮጀክቶች ጭምር ካሳውን የሚከፍሉት ክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች እንዲሆኑ አድርጓል። የዚህ ማሻሻያ ዓላማ ይገባኛል። ቀድሞ ነጠላ ዋጋውን የሚያወጣውና ገማቹን የሚሰይመው ክልሉ፣ ከፋዩ ግን የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ስለነበር በሰው ገንዘብ ለጋስ የመሆን ፈተና ነበር። አሁን የሚገምተውም የሚከፍለውም አንድ እጅ ሆኗል። ያ እጅ በጀት ባጠረው ቁጥር ፈተናው ወደ ሌላው ጎን ያዘነብላል ብዬ እሰጋለሁ፤ ግምቱን ዝቅ ማድረግ ባይቻል እንኳ ክፍያውን ማዘግየት ይቻላል፣ የብር አቅም በሚወርድበት ዘመን ደግሞ ማዘግየት ማለት መቀነስ ነው።

ሙሉ ይዞታቸው የተነሣባቸው ሰዎች ጉዳይ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይፈልጋል፤ እኔ በአንድ ነገር ብቻ ልለፈው። ከግቢዬ ሁለት ቤት አልፎ የነበሩ፣ ለሠፈሩ ሁሉ እንጀራ ይጋግሩ የነበሩ እናት ከከተማው ዳር ምትክ ቦታ ተሰጣቸው። የቤታቸው የሲሚንቶና የቆርቆሮ ዋጋ ተከፍሏቸዋል። ከአስፋልት ዳር ያለ ቤትና ከመስክ መሃል ያለ ቤት በግምት ወረቀቱ ላይ አንድ ዋጋ ናቸው፤ ለመሬቱ ዋጋ አይሰጥምና። የእንጀራ ደንበኛ ግን ከአስፋልት ዳር ነው የሚገኘው። እኚህ እናት ዛሬም ማልደው እንጀራቸውን በባጃጅ ጭነው ወደ ቀድሞው ሠፈራቸው ይመጣሉ፤ የባጃጁን ሒሳብ ሲከፍሉ ስንት እንደሚተርፋቸው ለመጠየቅ ስላፈርሁ አላውቅም። በአንጻሩ ከእሳቸው ጀርባ የነበረው ግቢ ሳይነካ በአንድ ሌሊት የአስፋልት ፊት ለፊት ሆኖ ዋጋው ስንት እጥፍ እንደጨመረ ደላሎች ይናገራሉ። ባለ ግቢውን አልቀናበትም። መንገዱ ለአንዱ ያመጣውን ዕድል ቆጥሮ ሌላው ላጣው የሚያካፍል አሠራር ግን በከተማ ፕላን ባለሙያዎቻችን ዘንድ ቢታሰብበት ያስከፋል?

የእኔ ሐሳብ ከዚህ ያነሰና ቀላል ነው። የካሳ ግምት ወረቀት ከግርጌው የሚጸናበት ጊዜ ይጻፍበት። ነጋዴው ለ15 ቀን የሚያጸናውን ዋጋ መንግሥት ለ15 ቀን ያጽናው አልልም፤ ሦስት ወርም ስድስት ወርም ቢሆን ቀኑ ይታወቅ። ቀኑ ካለፈ ባለይዞታው ማመልከቻ ሳይጽፍ፣ ደጅ ሳይጠና፣ በዕለቱ ነጠላ ዋጋ ብቻ ሒሳቡ እንደገና ይሠራ። ልኬቱን መድገም አያስፈልግም፤ ክፍሉ አልሰፋም፣ ማንጎውም አልተባዛም፤ የሚለወጠው ብዜቱ ነው፣ እሱም በእኔ ሱቅ የሒሳብ መሣሪያ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ቀዩ ምልክትም እንዲሁ ቀን ይኑረው። ምልክት አድርጎ ገንዘቡን በተባለው ጊዜ ያላመጣ አካል ምልክቱን ያንሣ፤ ባለቤቱም ጣሪያውን ይክደን፣ ክፍሉን ያከራይ፣ ካርታውን አስይዞ ይበደር። ፕሮጀክቱ ሲመለስ አዲሱን ቆርቆሮ መክፈል ግድ ሊሆን ይችላል። ይህ ወጪ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ቀንን የማክበሪያ ምክንያት ይሆነዋል፤ ዛሬ ግን መዘግየቱ ለባለይዞታው ብቻ ስለሚያስከፍል የሚያስቸኩለው የለም።

መንገዱ ዛሬ ተሠርቶ አልቋል። የሱቄ ዕቃ ጭነት ያለ ጭቃ ይገባል፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በእግረኛው መንገድ ላይ ነው የሚሄዱት። ከሦስቱ ክፍሎች አንዱን በካሳው ገንዘብ፣ ሁለተኛውን በልጄ እርዳታ መልሼ ሠርቻለሁ፤ ልብስ ሰፊው ግን ሌላ ቦታ ደንበኛ አበጅቶ አልተመለሰም።

ለዝግጅት ክፍላችሁ አንድ ልመና አለኝ። ከእንግዲህ አንድ ባለሥልጣን ወይም ሥራ ተቋራጭ «መንገዱ የዘገየው በወሰን ማስከበር ችግር ነው» ብሎ ሲነግራችሁ ከዜናው ሥር ሁለት ቀኖች ጨምሩልን፤ የባለይዞታዎቹ ንብረት የተገመተበትን ቀንና ካሳው የተከፈለበትን ቀን። ገና ያልተከፈለ ከሆነም «አልተከፈለም» ብላችሁ ጻፉ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ፣ ከአዳማ